የግራ ጎን ስፌት

ገዳሪፍ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለደብሪቱ፤

ብርዱ ሳይሰብርሽ፣ ሥራው ሳያዝልሽ ከርመሽ እንደሆነ ደስታዬ ነው። እኔ አጎትሽ ባንታምላክ ደኅና ነኝ፤ ልጄ ሐመልማልም ደኅና ናት፤ እኛን እዚህ ያቆየ አምላክ አንቺንም እዚያ ያቆይሽ። እንደ ወትሮው ቃሉ የእኔ ነው፣ ጽሑፉ የሐመልማል። ዓይኔ የዚህን የጋራዥ ሰፈር፣ የስናዒያውን፣ አቧራ አልወድ ብሏል። ሸብካ፣ ኔትወርኩ፣ የመጣ ዕለት ወረቀቱን በስልክ አንስታ ትልክልሻለች። «ድምፅህን ቅዳና እንላክላት» እያለች ትነዘንዘኛለች፤ እኔ ግን ከስልክ ጋር ብቻዬን ማውራት አልችልም።

ሥራ አለ። ከኻርቱም ሸሽቶ የገባ መኪና ሁሉ መቀመጫው አንድ ነገር ሆኖ ነው የሚገባው፤ ወይ ተቀዷል፣ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ታጥቦ የማይለቅ ነገር ፈሶበታል። አሮጌውን ገፍፈን አዲስ እናለብሰዋለን። ባለቤቶቹ ቆመው አያዩም፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሐመልማል ወደ አንቺ የምትመጣበት ፋይል ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ባለፈው ሳምንት ሾዋክ ወርጄ የስደተኞቹን ቢሮ፣ መክተቡን፣ ጠይቄ ነበር። «አባቴ፣ የቀረው ካናዳ ያለችው ወሳጇ ሥራ ላይ መሆኗን የሚያሳይ አዲስ ወረቀት ነው» አለኝ ጸሐፊው። አንድ ወረቀት ማለት ነው። ፋብሪካሽ ማኅተም ከሌለው ንገሪኝ፣ እዚህ የሚቀርጽ ሰው አለ። ቅጹን ስትሞዪ እንደ ነገርሁሽ ልጅቱ ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው። ዕድሜዋ ግን አይጠብቃትም፤ ሃያ አራት ሞላት።

የእህቴ ልጅ የካናዳን መኪና ወንበር ሙሉውን ትሰፋለች፣ ያስተማርኋትም እኔ ነኝ እያልሁ ስናዒያውን አደንቁሬዋለሁ። አታሳፍሪኝ። እጅሽን እግዜር ያለምልመው።

አጎትሽ ባንታምላክ


ዊንዘር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብራቸው ለአያ ባንታምላክ፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። ሐመልማልን ይሳሙልኝ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ዘግይቻለሁ፤ መልካም ወሬ ይዤ ልጻፍ ብዬ ስጠብቅ ነው።

አያ፣ እዚህ አንድ ነገር መጣብን። በዚህ ከተማ የሚሠራው መኪና አብዛኛው ወንዙን ተሻግሮ አሜሪካ ነው የሚሸጠው። በመጋቢት መጨረሻ የዚያ አገር መንግሥት ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ ከመቶ ሃያ አምስት ቀረጥ ጣለ። ወዲያው መኪናውን የሚገጣጥመው ትልቁ ፋብሪካ ለሁለት ሳምንት በሩን ዘጋ። እኛ ደግሞ ለእሱ መቀመጫ የምንሰፋ ነን። መጋዘን የለንም፤ ጠዋት የሰፋነው ከሰዓት መኪናው ላይ ይገጠማል። እነሱ ያቆሙ ዕለት እኛም በዚያው ሰዓት አቆምን። አሁን ተከፍቷል፤ ነገር ግን የሌሊቱ ፈረቃ ተሰርዟል፣ እኛ የቀኖቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንገባለን።

ወረቀቱን ጠይቄ ነበር። ቢሮው «ሰዓቷ የተቀነሰባት» ብለን ካልሆነ አንጽፍም አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሐመልማልን ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም። እስኪረጋጋ ትንሽ ይታገሡኝ። አለቃችን በበጋው ይስተካከላል ብሏል። ማኅተም አያስቀርጹ፤ እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ ደብሪቱ


ገዳሪፍ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደብሪቱ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ጤና ነን። ዝናቡ ጀምሯል። የእርሻ ትራክተር ሁሉ ዘር ሳይደርስ መቀመጫው ይጠገንልኝ እያለ በራችን ላይ ተሰልፏል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበብሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ አልገባኝም። ልጄ፣ እኔ ከቀረጥ ጋር አርባ ዓመት ኖሬአለሁ። እቃ ድንበሩ ገላባት ላይ ይቀረጣል፣ መንገድ ላይ ይቀረጣል፣ ከተማ ሲገባ ይቀረጣል። ሑኩማው፣ መንግሥቱ፣ ቀረጥ በጨመረ ቁጥር ምን ሆነ? አዲስ ረክሻ፣ አዲስ ባጃጅ የሚገዛ ሰው ጠፋ። አዲስ የሚገዛ ሲጠፋ ሁሉም አሮጌውን እየገፋ ወደ እኔ መጣ። ይህን ቤት የሠራሁት በቀረጥ ነው ብልሽ ውሸት የለበትም። ቀረጥ ሲወጣ መቀመጫ ሰፊ ይጠግባል እንጂ አይራብም! የካናዳ ሰው መኪናው ውስጥ ቆሞ ነው የሚሄደው? ወይስ የእነሱ መቀመጫ አይቀደድም?

ወንዝ መሻገሩ ነው ችግሩ ካልሽኝ ደግሞ፣ ወንዝ ያለበት አገር ሁሉ መልካ አለው። እኛ ከመተማ የመጣን ጊዜ በድልድዩ ነበር እንዴ የተሻገርነው? ለአለቃሽ ይህን ንገሪው። መኪና ባይሻገር እንኳ ወንበር ይሻገራል፤ ተጠቅልሎ በአህያ ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ያቺን ልጅ መውሰዱ ከብዶሽ እንደሆነ «ከበደኝ» ማለት ነበረብሽ። ሰበብ ከሩቅ አገር መንግሥት አይለመንም። እንዲህ በወረቀት ስንመላለስ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኛል። ስለዚህ ቶሮንቶ ላለው ለአባትሽ ዘመድ ለስንሻው ልኬበታለሁ። ሁለት ሰው ይዞ ቤትሽ ድረስ ይመጣል። ጉዳይሽን ለእነሱ አስረጂ፤ ሽማግሌ የሚላከው ለዚህ ነው። አትቆጪ።

አጎትሽ ባንታምላክ


ዊንዘር፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ባንታምላክ፤

ጤናዎ ይብዛ። ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቼ መሆኑን ሐመልማል ታንብብልዎ፣ አታለስልሰው።

ሽማግሌዎችዎ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሙሉ ነድተው፣ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው በሬ ላይ ተሰለፉ። ጎረቤቴ ሰው ሞተብሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስንሻው ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ማቀዝቀዣዬን ከፍቶ አየ፤ ችግሬ እውነት መሆኑን ከአፌ ሰምቶ ሊያምን አልፈለገም። ከዚያ ተመካክረው፣ «የፋብሪካው አለቃ ይጠየቅልን፤ ልጅቱ በድላው እንደሆነ ይቅር እንዲላት እንለምነዋለን» አሉኝ። አለቃችን ሽማግሌ ምን እንደሆነ አያውቅም ብላቸው ማን ይሰማኛል? ይዣቸው ሄድሁ።

በሩ ላይ ሰንሰለት አለ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሣር በቅሏል። ስንሻው ሰንሰለቱን በእጁ ያዝ አድርጎ፣ «ቅዳሜ ስለሆነ ነው?» አለኝ።

«አይደለም፤ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ነው» አልሁት።

ሰንሰለቱን ለቀቀው። ቤት ስንመለስ ያዘጋጀሁትን እንኳ በደንብ አልበሉም። ሲሄዱ ከኪሳቸው አዋጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ብር ጥለውልኝ ሄዱ። ለማስታረቅ መጥተው ልቅሶ ደርሰው ተመለሱ። ይህን ውርደት የገዙልኝ አንቱ ነዎት።

ሌላም ልንገርዎ፤ ዛሬ ደፍሬአለሁ። ስናዒያ ላይ ሙሉ መኪና ትሰፋለች እያሉ የሚያወሩልኝን ይተዉት። ዘጠኝ ዓመት የሰፋሁት አንድ ስፌት ነው። የሹፌሩ መደገፊያ፣ ግራ ጎን፣ ርዝመቱ ሁለት ስንዝር። ከውስጡ በአደጋ ጊዜ የሚነፋ ከረጢት አለ። መኪናው ሲጋጭ ከረጢቱ በጥሶት እንዲወጣ ክሩ ሆነ ተብሎ ደካማ ነው። አንቱ የማይቀደድ ስፌት አስተማሩኝ፤ እነሱ የሚቀደድ ስፌት እንድሰፋ ቀጠሩኝ። በቀን አራት መቶ ጊዜ፤ ማሽኑ ራሱ ይቆጥረዋል። ከእኔ በስተቀኝ ያለችው ቀኙን ትሰፋለች። ጎን ለጎን ስንቀመጥ ሰባት ዓመታችን ነው፣ ሙሉውን ወንበር ግን ሁለታችንም ሰፍተን አናውቅም። መቀመጫ የሚቀደድበት አገር ነው፣ ጥገና አለ ይሉኛል። በምን እጄ?

ስለ ሐመልማል ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ደብሪቱ


ገዳሪፍ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደብሪቱ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰላምታውን አትዝለል ያለችኝ ሐመልማል ናት።

መንገዱ ከጭቃው እንደወጣ እኔና እሷ ሾዋክ ወረድን። ስንሻው የነገረኝን ሰምቼ፣ በድዬሻለሁ ብዬ፣ ሥራሽ ቆሟልና ጊዜ ስጡን ልላቸው ነበር። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየና፣ «አባቴ፣ ምን ጊዜ ልስጥዎ? ይህ ፋይል በሐምሌ ተዘግቷል። ማመልከቻውን መልሳ ያወጣችው ወሳጇ ራሷ ናት» አለኝ። ሐመልማል ከጎኔ ቆማለች። አሳልፋ ለእኔ መተርጎም እንኳ አላስፈለጋትም፤ ሁለታችንም ሰምተነዋል።

ስለ ሽማግሌዎቹ ሁለት ገጽ ጻፍሽ። ስለ ማቀዝቀዣሽ ጻፍሽ፣ ስለ ሰንሰለቱ ጻፍሽ። ለዚህ አንድ መስመር አጣሽለት? «ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ» ያልሽው ይህን ኖሯል! በሐምሌ የዘጋሽውን በመስከረም ከማላውቀው ሰው አፍ ልስማው?

እንደ ደረስን ሐመልማል ሱቁን ከፍታ ገባች። እኔ ደጅ ተቀምጬ ቀረሁ። ከአንቺ ጋር መጣላቱም ደከመኝ።

ባንታምላክ


ዊንዘር፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአያ ባንታምላክና ለእህቴ ለሐመልማል፤

እንኳን ለእመቤታችን ለጽዮን ማርያም አደረሳችሁ። እግራችሁ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ የወደቅሁ ያህል ቁጠሩልኝ። ሁለት ወር ያልጻፍሁት ለበደሌ ስም ስላጣሁለት ነው።

የዓመት ገቢዬን ማስረጃ ጠየቁኝ። የነበረኝ የሥራ አጥ ድጎማ ነው፤ እሱ አይቆጠርም። «ተከልክሏል» ተብሎ ስሟ ላይ ከሚጻፍ በራሴ እጅ ላውጣው፣ ፋብሪካው ሲከፈት እንደገና አስገባዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ልነግርዎ አፈርሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ፋብሪካው ደግሞ በጥቅምት ለሁላችንም ደብዳቤ ላከ። አይከፈትም። ማሽኖቻችንን በትልልቅ መኪና ጭነው ወንዙን አሻገሯቸው። ሰንሰለቱ ጋ ቆመን አየናቸው።

የነገሩኝን ግን አልረሳሁም። «ቀረጥ ሲወጣ መቀመጫ ሰፊ ይጠግባል» ያሉኝን ያን ጊዜ አንብቤ ወረቀቱን ጨምድጄው ነበር። በመስከረም አንድ ከቤተ ክርስቲያናችን የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ «አዲስ መኪና ልገዛ አስቤ ነበር፤ ዋጋው አይቀመስም። አሮጌዬን ሌላ ሦስት ዓመት ልነዳው ነው፤ መቀመጫው ግን ወገቤን ጨረሰው» ብሎ ሲያማርር ሰማሁት። የአንቱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እኔ እሠራልሃለሁ አልሁት።

ገፈፍሁት። ስፖንጁን ቀየርሁ። ላስቲኩን በዓይኔ ገምቼ ቆረጥሁ፣ ሰፋሁት፣ አለበስሁት። ደስ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ግራ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ሳላውቀው እጄ የለመደውን ሰፍቶ ነው፤ ቀኙ ግን ጤና ነው፣ እንደ አዲስ ልጅ ተጠንቅቄ ስለ ሰፋሁት። ሰውዬው አልተቆጣኝም። አስተካክይልኝና ሌሎች ሁለት ሹፌሮች አሉ፣ እነሱም ይጠብቁሻል አለኝ። ደግሜ ካበላሸሁ ግን አራተኛ የሚመጣ የለም።

እናም ዛሬ የምለምን እኔ ነኝ። ያለ ፎርማ፣ ያለ መቁረጫ ልክ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ጠርዙ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዳይተረተር የሚያደርገው ምን እንደነበር ይጻፉልኝ። ልጅ ሆኜ ያየሁትን እጄ ረስቶታል። ፎቶውን ልኬአለሁ። እባክዎን ለስናዒያው ሰው አያሳዩት።

የበደለችዎ ልጅዎ ደብሪቱ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለደብሪቱ፤

ይቅር ለእግዜር ብያለሁ። ለመጪው ገና ያድርስሽ፤ ጤናሽን ያብዛልሽ።

ፎቶውን ለስናዒያው ሰው አሳየሁት። ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ መጥቶ ከጎናችን ብየዳ የሚሠራው ነጋሲ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዘጠኝ ዓመት ካናዳ ኖሮ እንዲህ የሚሰፋ ሰው አይቼ አላውቅም አለ። ይገባሻል።

አሁን ስሚ። አሮጌውን ልብስ እንዳትጥዪው። ስፌቱን በምላጭ ፍቺና ቁራጮቹን ለየብቻ ዘርግተሽ፣ ከላያቸው ሰሌዳ ጭነሽ አሳድሪያቸው። ፎርማሽ እነሱ ናቸው፤ ሌላ ፎርማ ማን ሰጠን? ዙሪያቸውን አንድ ጣት ጨምረሽ ቁረጪ። ከመስፋትሽ በፊት የሁለቱንም ቁራጭ መሃል በጠመኔ ምልክት አድርጊ፤ ምልክቱ ካልገጠመ አትጀምሪ። ከመሃል ወደ ጫፍ ስፊ እንጂ ከጫፍ ወደ ጫፍ አትሂጂ። ክሩ ሦስት ድርብ ይሁን። አንዴ ከሰፋሽ በኋላ ትርፉን ወደ አንድ ወገን አጥፈሽ ከላይ ሁለተኛ ስፊበት። ጫፍ ስትደርሺ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሺ፤ ሹፌሩ ሲወጣና ሲገባ የሚጎትተው እዚያ ነው። ያንን የፋብሪካሽን ክር ካለሽ አቃጥዪው።

ይህን ሁሉ የነገረችሽ ሐመልማል ናት።

ዓይኔን የያዘው አቧራ አይደለም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ከኻርቱም የመጡትን መኪናዎች የገፈፈችው እሷ ናት። ባለቤቶቹ የሚሸሹትን እሷ አጥባለች። ትራክተሮቹንም እሷ ናት። ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ስናዒያ ትውላለች እንዳይሉኝ ሱቁን በመጋረጃ ከፍዬ እሷን ከኋላ አስቀመጥሁ፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ ዋጋ እናገራለሁ። «የባንታምላክ እጅ አይረሳም» ሲሉኝ አሜን እላለሁ። ምስጋናዋን ስበላ ኖርሁ። ይህን ስላት እጇ ቆሞ ነበር። ጻፊው አልኋት፤ ጻፈችው።

ለአንቺም ቅጹ ላይ «ሥራ የላትም» በዪ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ያፈርሁት በእሷ ሥራ ነው፣ ያን ጊዜ ግን ለእሷ ክብር ያሰብሁ መስሎኝ ነበር። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ስለ አንድ ስፌት ደበቅሽኝ፤ እኔ አንዲት ሙሉ ሰፊ ደበቅሁብሽ። ሽማግሌ መላክ የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ። ስንሻው መጥቶ መጋረጃዬን ይክፈተው።

መጋረጃውን ትናንት አንስቼዋለሁ። ነጋሲ «ዘንድሮ ነው ያወቅነው ብላችሁ አታስቡ» አለኝ። ሁሉም ያውቅ ኖሯል።

የመውሰጃው በር እንደገና የሚከፈትልሽ ዕለት፣ ገቢሽም የሚቆጠር ሲሆን፣ አዲስ ቅጽ ሙዪ። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ «የመኪና መቀመጫ ሰፊ፣ ስድስት ዓመት» ብለሽ ጻፊ። ምስክር ከተባለ እኔ አለሁ፤ በማኅተም ሳይሆን በቃሌ እመሰክራለሁ። ሄዳ ከአንቺ ጋር ብትቀመጥ ግራውንም ቀኙንም ታውቃለች። ከመጋረጃ ኋላ ግን እዚያም እንዳታስቀምጫት።

እስከዚያው ያንን መቀመጫ ፈተሽ እንደገና ስፊና ፎቶውን ላኪልን። ቀኙም ቢሆን ጠርዙ ጠማማ ነው ትላለች። እኔ አይታየኝም፤ እሷ ካለች ግን ጠማማ ነው።

አጎትሽ ባንታምላክ፤ ጽሑፉም ስፌቱም የሐመልማል